ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ቤተሰቦች የሚሰጡ ማህበረሰብ አቀፍ አገልግሎቶችና የሚገኙባቸው መንገዶች

የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ከሕክምናው፣ ከትምህርቱና ከመደገፊያ መሣሪያው አስቀድሞ የሚቸገሩበት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም አገልግሎቱ የት እንደሚገኝና በማን በኩል እንደሚጠየቅ የሚነግራቸው አካል ማጣት ነው። በኢትዮጵያ ለእነዚህ ሕፃናትና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጡ አገልግሎቶች ከፍላጎቱ አንጻር ውሱን ቢሆኑም ጨርሶ የሉም ማለት ግን አይደለም። አገልግሎቶቹ በጤና፣ በትምህርትና በማህበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም በማህበራትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዘንድ ተበታትነው ይገኛሉ። በመሆኑም ወደ አንዱ ጽሕፈት ቤት የመጣ ወላጅ ስለ ሌላው ሳይሰማ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የችግሩ ስፋት በቁጥርም ይታያል። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገሪቱ የተመዘገቡት አካል ጉዳተኞች 805 ሺህ 492 ሲሆኑ፣ ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ 1 ነጥብ 1 በመቶ ገደማ ነበር። በአንጻሩ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት፣ ማለትም ከአሥር ሕፃናት አንዱ፣ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው አመልክቷል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ላለው ሰፊ ልዩነት የቆጠራው ጥያቄ አቀራረብ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ቤተሰብ በኀፍረትና በፍርሃት ልጁን ከመዝጋቢው መሸሸጉም ሌላው ነው። ያልተመዘገበ ልጅ ደግሞ በዕቅድም ሆነ በበጀት ውስጥ ቦታ አያገኝም።

መረጃ ማግኘት በሕግ የተደገፈ መብት ነው

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

ከእነዚህ ስምምነቶች መካከል የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 23 ለአካል ጉዳተኛ ሕፃን የሚሰጠው ድጋፍ የወላጆቹን የገንዘብ አቅም ያገናዘበ፣ በተቻለ መጠንም ያለ ክፍያ የሚሰጥ እንዲሆን ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 23 የሕፃናቱን መደበቅ፣ መጣልና ማግለል ለመከላከል መንግሥታት ለሕፃናቱና ለቤተሰቦቻቸው የተሟላ መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ በወቅቱ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይገልጻል። በተጨማሪም ማንኛውም ሕፃን በእርሱ ወይም በወላጆቹ አካል ጉዳት ምክንያት ብቻ ከወላጆቹ እንዳይለይ ይከለክላል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ለአንድ ወላጅ የአገልግሎቱን ቦታ ማመልከት በባለሙያው መልካም ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ውለታ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ ተግባራት አንዱ ነው።

ቀበሌና ወረዳ

በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ለተቋቋመው የሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የተሰጠ ሲሆን፣ በክልልና በከተማ አስተዳደር ደረጃ ተመሳሳይ ኃላፊነት ያላቸው ቢሮዎች ይገኛሉ። ለቤተሰቡ ግን ቅርብ የሆኑት ቀበሌውና በወረዳው የሚገኘው የሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ናቸው። ወላጅ ልጁን የሚያስመዘግበው፣ የነዋሪነትና የነፃ ሕክምና ማስረጃ የሚያገኘው፣ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ድርጅት የሚጻፍ መሸኛ ደብዳቤ የሚወስደውም ከእነዚህ ጽሕፈት ቤቶች ነው።

በበርካታ አካባቢዎች የተደራጁት የማህበረሰብ ክብካቤ ጥምረቶችም ከነዋሪው በሚሰበሰብ ገንዘብና ዓይነት የተቸገሩ ቤተሰቦችን ይረዳሉ። ጥምረቶቹ የመንግሥት ሠራተኞችን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ የአገር ሽማግሌዎችንና የእድር ተወካዮችን ስለሚያሰባስቡ በየትኛው ቤት ምን ችግር እንዳለ ከጽሕፈት ቤቱ ቀድመው የማወቅ ዕድል አላቸው።

የጤና አገልግሎት፤ የማይመለስ ጊዜ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስለሚሄዱ የተሸሸገን ልጅ በማግኘት ረገድ ተወዳዳሪ የላቸውም። በዚህ ዘርፍ የመረጃ መዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት ከፍተኛ ነው። ለአብነት ያህል ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ሕክምና ከደረሰ ፖንሴቲ በተባለው ዘዴ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ፣ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና እግሩ ሊስተካከል ይችላል። ከዚያ በኋላ እስከ አራትና አምስት ዓመት ዕድሜው ድረስ በሚተኛበት ሰዓት የሚያደርገው ልዩ ጫማ ያስፈልገዋል። ይህ ለወላጅ በግልጽ ካልተነገረ ጫማው ይቋረጥና እግሩ ተመልሶ ይጣመማል። ሳይታከም ያደገ ልጅ ግን የሚጠብቀው የተወሳሰበ ቀዶ ሕክምና ወይም የዕድሜ ልክ የእግር ጉዳት ነው።

በአዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል በእንዲህ ዓይነት የአጥንትና የመገጣጠሚያ ችግሮች ላይ ያተኮረ ሕክምና ይሰጣል። የጭንቅላት ውኃ መቋጠርና የሕብለ ሰረሰር ክፍተት ላለባቸው ሕፃናት በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ1962 የተመሠረተው ቼሻየር ኢትዮጵያም በመናገሻ ባለው ማዕከል የአካል ተሐድሶ አገልግሎት በመስጠት ይታወቃል። ሰው ሠራሽ አካልና መደገፊያ መሣሪያ የሚያዘጋጁ ማዕከላት ከአዲስ አበባ ውጭ በደሴ፣ በባሕር ዳር፣ በአሰላ፣ በአርባ ምንጭና በመቐለ ተቋቁመዋል። ቤተሰቡ ከገጠር ተነሥቶ ለመጓጓዣ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ማዕከሉ በዚያ ወቅት አገልግሎቱን እየሰጠ ስለመሆኑ ጽሕፈት ቤቱ በስልክ ቢያረጋግጥለት ብዙ እንግልት ይቀንሳል።

ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የሚሰጠው አገልግሎት በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተወሰነ ነው። የየካቲት 12 እና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች በዚህ ረገድ ይጠቀሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ወላጆች ልጃቸውን በቤት ውስጥ እንዴት ማነጋገርና ማለማመድ እንደሚችሉ የሚያስተምረው የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠናም በአዲስ አበባና በገጠር አካባቢ በሙከራ ደረጃ ተሰጥቷል።

የሕክምና ወጪን በተመለከተ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮአቸው በመንግሥት ተሸፍኖ አባል የሚሆኑበት አሠራር አለ። ይሁንና የሚመለመሉት በቀበሌ ደረጃ በመሆኑ ከጎረቤት ጋር የማይገናኝና ልጁን የደበቀ ቤተሰብ ከዝርዝሩ ውጭ እንዳይቀር ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ትምህርት

የአገሪቱ የትምህርት አቅጣጫ አካል ጉዳተኛ ልጆች በአቅራቢያቸው ባለው መደበኛ ትምህርት ቤት እንዲማሩ የሚያደርገው አካቶ ትምህርት ነው። ለዚህም ሲባል በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ መስጫ ማዕከላት ተቋቁመዋል። አንድ ማዕከል በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚያገለግል ሲሆን፣ የልዩ ፍላጎት መምህራን እየተዘዋወሩ መምህራንንና ወላጆችን እንዲያግዙ ታስቦ የተዘረጋ ነው። በመሆኑም "ልጅዎን የምናስተምርበት መንገድ የለንም" የሚል መልስ የተሰጠው ወላጅ ጉዳዩን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብና በአቅራቢያው ወዳለው ማዕከል እንዲመራ መጠየቅ ይችላል።

ከዚህ ጎን ለጎን እንደ ሰበታ መርሐ ዕውራንና የሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ያሉ ልዩ ትምህርት ቤቶች አሉ። መስማት ለተሳነው ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ ወሳኝ መሆኑም መታወቅ አለበት። ወላጆቹ የምልክት ቋንቋ ካልተማሩ ልጁ ያለ ቋንቋ ያድጋል፤ ይህም በኋላ በትምህርቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና በቀላሉ የሚካካስ አይደለም።

ኑሮና ማህበራዊ ጥበቃ

ከባድ ጉዳት ያለበትን ልጅ የምታሳድግ እናት ብዙውን ጊዜ ሥራዋን ለመተው ትገደዳለች። አባት ከቤት የሄደ እንደሆነ ችግሩ ይብሳል። በገጠር ከ1997 ዓ.ም፣ በከተማ ደግሞ ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ የሆኑት የምግብ ዋስትናና የሴፍቲኔት ፕሮግራሞች ለሥራ የደረሰ ጉልበት ለሌላቸው ቤተሰቦች በማህበረሰብ ሥራ መሰማራት ሳይጠበቅባቸው ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙበትን መንገድ አመቻችተዋል። እዚህ ላይ መልማይ ኮሚቴዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነጥብ አለ። እናቲቱ በአካል ጤነኛ በመሆኗ ብቻ መሥራት እንደምትችል ተደርጋ ከተቆጠረች ልጁን የሚጠብቀው ሰው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ቀርቷል ማለት ነው።

የወላጆችና የአካል ጉዳተኞች ማህበራት

በዘርፉ ካሉት ድርጅቶች አንዳንዶቹ የተመሠረቱት በወላጆች ነው። በ2013 ዓ.ም ሕይወታቸው ያለፈው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ እ.ኤ.አ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በተመሳሳይ ሁኔታ በወላጆች ጥረት የተመሠረተ ነው። እንዲህ ያሉ ማዕከላት ሊቀበሉ ከሚችሉት በላይ ተጠባባቂ ያለባቸው ቢሆንም ለወላጆች በሚሰጡት ምክር ያላቸው ጠቀሜታ ከፍተኛ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ማህበራት ፌዴሬሽን የተለያዩ ማህበራትን በአባልነት አቅፏል። ከእነዚህም የዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸውና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ብሔራዊ ማህበራት ይገኙበታል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከውጭ አገር ከገቢያቸው 10 በመቶ በላይ የሚያገኙ ድርጅቶች በአካል ጉዳተኞችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠሩ ተጥሎ የነበረው ገደብ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 በመነሣቱ ማህበራቱ ከአገልግሎት አልፈው በመብት ጉዳይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ለመሥራት ዕድል አግኝተዋል።

በየሰፈሩ ያለው እድርም ሊዘነጋ አይገባም። እድር በኀዘን ጊዜ ከመድረስ ባሻገር በብዙ ቦታ በልማትና በመረዳዳት ሥራ ይሳተፋል። ለአንዲት እናት ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ልጇን የሚጠብቅላት ጎረቤት ማዘጋጀት በጀት የማይጠይቅ፣ ነገር ግን የትኛውም መሥሪያ ቤት በራሱ ሊሰጠው የማይችል አገልግሎት ነው።

ከባለሙያው የሚጠበቁ ተግባራት

ከላይ የተዘረዘሩት አገልግሎቶች ለቤተሰቡ እንዲደርሱ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይመከራል።

አንደኛ፣ በወረዳውና በአቅራቢያው ያሉትን የጤና፣ የትምህርት፣ የተሐድሶና የማህበራት አገልግሎቶች ከነአድራሻቸው በአንድ ዝርዝር መያዝና በየስድስት ወሩ ማደስ።

ሁለተኛ፣ የመጣውን ወላጅ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጁ ጤና፣ ትምህርትና ስለ ቤተሰቡ ኑሮ አንድ ላይ መጠየቅ።

ሦስተኛ፣ በቃል "እዚያ ሂዱ" ከማለት ይልቅ የተቀባዩን ክፍል ስም የያዘ መሸኛ ደብዳቤ መስጠትና አስቀድሞ መደወል።

አራተኛ፣ ልጁን ይዞ ለመምጣት ለሚቸገር ቤተሰብ በቤቱ ተገኝቶ ማስተናገድ፤ ይህ ካልተቻለም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር መቀናጀት።

አምስተኛ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቤተሰቡ አገልግሎቱን ስለማግኘቱ ማጣራት። ባዶ እጁን የተመለሰ ካለም ምክንያቱን መዝግቦ ለበላይ አካል ሪፖርት ማድረግ።

በተለይ የመጨረሻው ተግባር ጥቅሙ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ስንት ሕፃናት ወደ የትኛው አገልግሎት ተልከው ሳያገኙ እንደቀሩ የሚያሳይ መዝገብ ያለው ወረዳ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ይህ መዝገብ በሌለበት አካባቢ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት በሪፖርት ውስጥ "ሌሎች" በሚለው ዓምድ ሥር እየተጠቃለሉ፣ ወላጆቻቸውም ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሱ ይቀጥላሉ።