ፍቅሩ ሲያልቅ ፍሪጁ የማን ነው?

በሙያዬ ጠበቃ ነኝ። ለገና ላሊበላ በሄድኩበት ሰሞን አንዲት ዘመዴ ከሽማግሌዎች ጋር እንድቀመጥላት ለመነችኝ። ከአንድ አስጎብኚ ጋር ሳይጋቡ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ሲለያዩ፣ የሰጣትን የአንገት ሐብልና ፍሪጅ እንድትመልስ ጠየቀ። በባንክ የላከላትን 30,000 ብርም «ብድር ነው» አለ። ፍሪጁ ለስላሳ የምትሸጥበት እንጀራዋ ነው።

እንዲህ ያለው ጠብ አዲስ አበባም ሞልቷልና ሕጉ የሚለውን ላካፍላችሁ።

ስጦታ፡- በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2427 መሠረት ስጦታ ውል ነው። ስለዚህ «ተጣልተናል» ማለት ብቻውን አያፈርሰውም። በአንቀጽ 1193 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል፤ የማስረዳት ሸክሙ በጠያቂው ላይ ይወድቃል። ቤት ግን በቃል አይሰጥም፤ አንቀጽ 2443 የግልጽ ኑዛዜን ፎርም ይጠይቃል።

ገንዘብ፡- ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ነው (አንቀጽ 2472)። የባንክ ደረሰኝ ገንዘቡ መላኩን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም።

አብሮ መኖር፡- በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች የጋራ ሀብት የሚኖራቸው ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ እንደሆነ ነው። አማራ ክልል ግን የራሱ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ስላለው ላሊበላ ላይ መጀመሪያ የሚገለጠው እርሱ ነው።

ይህን ለሽማግሌዎቹ አስረዳሁ። ሐብሉና ፍሪጁ የእርሷ እንዲሆኑ ተስማሙ። ስለ ገንዘቡ ግን ዘመዴ ዝም ብላ ቆየችና «ሃያው ለቤት ኪራይ ነው፤ አሥሩን ግን ተበድሬዋለሁ» አለች። ወረቀት አልነበረም፤ ብትክድ ማን ያስረዳባት ነበር? ልጁም አንገቱን ደፋ፤ በሦስት ወር እንድትከፍለው ተስማማ።

አንዱ ሽማግሌ «በቃ፣ ተሳሳሙ» ሲሉ እኔ ወረቀት አወጣሁ። በአንቀጽ 3312 መሠረት ዕርቅ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው። በቃል የቀረ ዕርቅ ግን በማግስቱ ይካዳል። ጽፈን ሁለቱም ፈረሙ፤ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ፈረሙ።

አንባቢዎቼ፣ ብድር ከሆነ በፍቅራችሁ ጊዜ ጻፉት። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ሰጥታችሁ እርሱት።

ቸር ይግጠመን።