ከጎዳና ለሚመጣ ሰው የሚመች መጠለያ ምን ዓይነት ነው?

እንደ ሮቤ ባሉ የአርሲ ደጋ ከተሞች የሌሊት ብርድ ቤት ለሌለው ሰው የሕይወት አደጋ ነው። ይሁንና መጠለያ አግኝተው ተመልሰው ወደ በረንዳ የሚወጡ አሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ከፍርሃት የሚመጣ እንጂ ውለታ ቢስነት አይደለም። ድብደባ፣ መደፈር ወይም መፈናቀል የደረሰበት ሰው በተጨናነቀና በጨለመ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አይወስደውም።

ስለዚህ አልጋው ተኝቶ በሩን ለማየት በሚያስችል ቦታ ይቀመጣል፤ መተላለፊያውና የመጸዳጃ ቤቱ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ሊኖራቸው ይገባል። የሴቶችና የሕፃናት መኝታ ለብቻው ይሆናል፤ መጸዳጃ ቤቱም ከውስጥ ይቀረቀራል። ጎዳና ላይ ዕቃውን ታቅፎ ያደረ ሰው ተዝናንቶ የሚተኛው የራሱ ቁልፍ ያለው ሳጥን ሲያገኝ ነው። በደጋ አገር መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ እንዲያስገባ፣ የማብሰያው ጭስም ከመኝታው እንዲርቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ነዋሪው በስሙ ይጠራል፤ ያለፈበትን ሁሉ እንዲናገር ግን አይገደድም።

በአገራችን ለዚህ ሥራ አርአያ የሚሆኑ ተቋማት አሉ። አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የተጀመረው በቤተሰባቸው መኖሪያ ቤት ነበር። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ በአዲስ አበባና በአዳማ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ከማደሪያው ጋር የምክርና የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ መጠለያ ከፍቷል።

ጅማሬው ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። አንድ ክፍል ለዚህ ሥራ የሚያውል ዕድር ወይም ቤተሰብ የአልጋውን ቁጥር ከመጨመሩ በፊት መብራቱንና መቀርቀሪያውን ሊያሟላ ይገባል።