ባሕር ዛፍ የቆጠርንበት እሑድ

ያለፈው እሑድ እማዬን፣ ባለቤቴንና ሚጣን ይዤ አዲስ ዓለም ደርሰን መጣን። ድፎ ዳቦና ቆሎ በፌስታል፣ ቡና በፔርሙስ። የድሮ ተማሪዎቼ "ቲቸር አሁንም አዲስ ዓለም ላይ ነው እንዴ?" ብላችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። አዎ፣ እዛው ነኝ። ግን ክፍል ውስጥ ያላስተማርኳችሁ ነገር ስላለ ነው ይሄን የምጽፈው።

ሚጣ አምስት ዓመቷ ነው፤ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ቡራዩን እንዳለፍን የመንገድ ዳሩን ባሕር ዛፍ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ሲሞላባት እንደገና ከአንድ። መናገሻ አካባቢ ሰለቻትና "አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ነው የተከለው?" አለችኝ። የታሪክ መምህር ልጅ የመሆን መከራው ይሄ ነው፤ መናገሻ ላይ የጠየቀ ልጅ እስከ ሆለታ መልስ ይሰማል።

በድሮ ጊዜ የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበር ማለት ይቻላል። በሰፈሩ ዙሪያ ያለው እንጨት ሲያልቅ ይነቀልና ሌላ ቦታ ይተከላል። በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃው ወርዳ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ዕጣዋ ያው ሊሆን ነበር። ቤቱ የሚሠራው በእንጨት፣ ለቤተ መንግሥቱ ግብር የሚጋገረው እንጀራ በእንጨት፣ የሠራዊቱ ቀለብ በእንጨት። የአካባቢው ጥድና ወይራ ጥቂት ዓመት እንኳ አልበረከተም። ማገዶ ከሩቅ መምጣት ሲጀምር ዐፄ ምኒልክ ዓይናቸውን ደን ወዳለበት ወደ ምዕራብ ጣሉ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ እጀሬ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙ አዲስ ዓለም ተባለ።

ነገር ግን ከተማዋ አልተነሣችም። መኳንንቱም የውጭ ሌጋሲዮኖቹም አዲስ አበባ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ነበር። በዚያ ላይ ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ መጣ። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው ስሙ። ሞንዶን ቪዳይዬ የሚባል ፈረንሳዊ እንዳስመጣው ይነገራል። በጥቂት ዓመት ለማገዶና ለቤት ማገር ይደርሳል፣ ከብት አይበላውም፣ ሲቆርጡት ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ችግኝ አከፋፈሉ፣ ለሚተክልም ግብር አቀለሉ። በኋላማ ፈረንጆቹ ከተማዋን "ዩካሊፕቶፖሊስ" እያሉ እስኪቀልዱባት ድረስ ዛፉ ዋጣት። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም ማርያም የምንላት እሷ ናት።

ይሄን ትምህርት ሁልጊዜ የምዘጋው "አዲስ አበባን ያዳናት አንድ ዛፍ ነው" ብዬ ነበር። ለፈተናም ስንቴ አውጥቼዋለሁ።

ማርያምን ተሳልመን፣ ሥዕሎቹን አይተን፣ ከግቢው ወጣ ብለን ዳቧችንን ቆረስን። ቡናው ሲቀዳ ከታች በኩል ሁለት ሴቶች ቅጠል ተሸክመው ብቅ አሉ። ጎንበስ ብለዋል፤ ከሩቅ ከቅጠሉ በታች እግር ብቻ ነው የሚታየው።

ሚጣ "ዛፎቹ ይሄዳሉ!" አለች።

እኛ ሳቅን። እማዬ አልሳቀችም። ሲኒዋን አስቀመጠችና "እኔም እንደዛ ዛፍ ነበርኩ" አለቻት።

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። በስምንት ዓመት ትዳር ነግሬያት አላውቅም። እማዬ በደርግ ጊዜ ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ። ሌሊት ትወጣለች፤ የደን ጠባቂ ከያዛት ሸክሙን ከነገመዱ ይቀማታል፣ የዚያ ቀን ገበያም ቀረ። አንድ ሸክም ከሠላሳ ኪሎ በላይ ይሆናል። ዛፉ ቶሎ አደገ እንጂ በራሱ እግር ከተራራው ወርዶ ምጣድ ሥር አልገባም። በየዘመኑ ያወረዱት አህዮችና ሴቶች ናቸው። ይሄን የማያውቅ የታሪክ መምህር ቢሆን ይቅር ይባል ነበር፤ እኔ ግን የበላሁት በሱ ነው።

ሌላም አለ። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስወጣ እማዬ ሸክሟን ይዛ በበሩ ስታልፍ አየኋት። ፊቴን አዞርኩ። እንዳላየችኝ ነበር ይሄን ሁሉ ዓመት የማስበው።

ሚጣ "ከባድ ነበር?" አለቻት።

"እንዳንቺ ሁለት" አለች እማዬ። ቀጥላ እኔን ሳታይ "ባባትሽ ትምህርት ቤት በኩል ያለው መንገድ ደልዳላ ነበር። በኋላ ግን በገደሉ በኩል ነበር የምወርደው፤ እሱ ይሻል ነበር" አለች።

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ቡናዋን ደገምኩላት።

ሴቶቹ እኛ ጋ ሲደርሱ እማዬ ተነሥታ ዳቦ ሰጠቻቸው፤ እንጨት የሚያሳርፉበትን ድንጋይም አብራቸው ፈለገች። እንዴት ሸክም እንደሚያወርዱ አልረሳችም፤ አንዷን በክንዷ ደግፋ፣ ወገቧን ሳትሰብር አሳረፈቻት። የገበያውን ዋጋ እየተጠያየቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱ።

እንግዲህ ለዚያ የፈተና ጥያቄ "ባሕር ዛፍ" ብላችሁ ሙሉ ማርክ ያገኛችሁ፣ ማርካችሁን አልነጥቅም። ጥያቄውን ግማሹን ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ስንመለስ ሚጣ ሆለታ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እማዬ ጭን ላይ ነው የተኛችው። ዛሬ ስደውል እማዬ ወገቧን አሟታል። የመኪናው መንገጫገጭ ነው ትላለች።