የዘፈን ስም ከየት ይመጣል?

አንድ የዘፈን ሲዲ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የዘፋኙ ስም፣ የአልበሙ ርዕስና የየዘፈኑ መጠሪያ በቅጽበት ተደርድረው ይታያሉ። ብዙው ሰው ይህ ሁሉ ከሲዲው የተነበበ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ተራው የሙዚቃ ሲዲ ስለ ራሱ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስሙን የሚያመጣለት ሌላ ነው። ይህ ሌላ ማን እንደሆነና ስሙንስ ከየት እንዳገኘው መመርመር የኪነት ሥራ ከባለቤቱ ጋር የተሳሰረበትንና የተለያየበትን ታሪክ መመርመር ነው። ምርመራውን ከብቸናና ከሞጣ መጀመርም ያለ ምክንያት አይደለም።

በብቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ ያለው ደብረ ወርቅ ማርያም፣ በሰሜንም በጊዮርጊስ ደብሯ የምትታወቀው ሞጣ፣ የምሥራቅ ጎጃምን የድጓ፣ የቅኔና የብራና ሀብት ይዘው የኖሩ ናቸው። የብራና መጽሐፍ አንድ መልካም ልማድ አለው። ጸሐፊው ሥራውን ሲፈጽም በመጨረሻው ገጽ ወይም በጸሎቱ መካከል የራሱንና ያጻፈውን ሰው ስም ያሰፍራል፤ አንባቢውም እንዲያስባቸው ይለምናል። መጽሐፉ ከደብር ወደ ደብር ቢዘዋወር፣ ከእጅ ወደ እጅ ቢሸጋገር፣ ስሙ ከገላው አይለይም። እርግጥ ነው፣ የቀድሞውን ባለቤት ስም ፍቆ የራሱን የጻፈ አልታጣም። ይሁን እንጂ የፍቁ ምልክት እንኳ በብራናው ላይ ይቀራልና ለተመራማሪ ምስክር ይሆናል።

የዘፈን ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በሠርግ ቤት ሲጫወት ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ በዜማው ይመልሰዋል። እንግዲህ ግጥሙ የማን ነው? የሰጠው ሰው ነውን? የተቀበለው አዝማሪ ነውን? ወይስ ማግሥቱን በሌላ መንደር አሳምሮ የደገመው? በብቸና ምድር ጠላትን ሲዋጋ ኖሮ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ስለተቀጣው ስለ በላይ ዘለቀ የተገጠሙት የለቅሶና የፉከራ ግጥሞች ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ናቸው። ጎጃሜ የሆነ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የበላይ ስም ከአፍ አልጠፋም፤ ገጣሚዎቹን በየስማቸው የሚቆጥር ግን የለም።

ድምፅ በዕቃ ላይ መቀረጽ ሲጀመር የስሙም ነገር መልክ ለወጠ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሸክላ በመካከሉ ክብ ወረቀት ይለጠፍበታልና የዘፋኙ ስምና የዘፈኑ ርዕስ እንደ ብራናው ጸሐፊ ስም ከዕቃው ጋር አብረው ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን አምሃ እሸቴ ይህን ገደብ ደፍሮ በራሱ ስም የሚጠራ የሸክላ ድርጅት አቋቋመ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ዓሊ አብደላ ካይፋም በዚሁ ሙያ ተሰማርቶ የማህሙድ አህመድን ሥራዎች ለሕዝብ አቅርቧል። የእነዚህ ሸክላዎች ክብ ወረቀት ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊ እንደ ሰነድ ያገለግላል።

ቀጥሎ የመጣው ካሴት ሙዚቃን ከከተማ አውጥቶ ወደ ገጠር አደረሰ። ብቸናና ሞጣን የመሰሉ ከተሞች የአገሪቱን ድምፃውያን በስፋት የሰሙት ከራዲዮ ቀጥሎ በካሴት ነው። ነገር ግን ካሴት ከካሴት ሲቀዳ የሚተላለፈው ድምፁ ብቻ ሆነ፤ ስሙን የያዘው የሽፋኑ ወረቀት ከዋናው ካሴት ጋር ይቀራል። በባዶው ካሴት ላይ በእስክርቢቶ «የሠርግ» ወይም «የጎጃም» ተብሎ ሲጻፍበት አዝማሪው ከዘፈኑ ተለየ።

ሲዲ ይህን ጉድለት ወረሰ እንጂ አላቃለለም። ፊሊፕስና ሶኒ የተባሉት ኩባንያዎች የሲዲን ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን ለገበያ የዋለው በ1982 ነው። በዚያ ደንብ መሠረት ሲዲ በመግቢያው ላይ የያዘው ማውጫ ስንት ዘፈኖች እንዳሉና እያንዳንዱ በየትኛው ደቂቃ፣ በየትኛው ሴኮንድና በየትኛው የሴኮንድ 75ኛ ክፋይ እንደሚጀምር ብቻ ይገልጻል። ስም የለበትም። በሲዲው ውስጥ ጽሑፍ የማስፈሪያው ዘዴ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ብዙዎቹ አሳታሚዎችም አልተጠቀሙበትም።

መፍትሔው የተገኘው ከአድማጮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ቲ ካንና ስቲቭ ሸርፍ የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሲዲቢ ተብሎ የሚጠራውን መዝገብ ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከዘፈኖቹ ቁጥር፣ ከመነሻ ሰዓታቸውና ከጠቅላላው ርዝመት ተሰልቶ ለሲዲው አንድ መለያ ቁጥር ይወጣለታል፤ ኮምፒውተሩም ይህን ቁጥር ይዞ ወደ መዝገቡ ይጠይቃል። መዝገቡ ካወቀው ስሞቹን ይልካል፤ ካላወቀው ሲዲው በእጁ ያለ ሰው ሽፋኑን አንብቦ ስሞቹን በጣቱ ይጽፍና ወደ መዝገቡ ይልካል። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ የምናየው ስም የማናውቀው አንድ አድማጭ የጻፈው ነው፤ ተሳስቶ ከሆነም ስሕተቱ ለሁሉም ይደርሳል።

ኋላ ሲዲቢ ወደ ንግድ ኩባንያነት ተለወጠ፤ ግሬስኖት የሚል ስምም ወጣለት። ስሞቹን ያለ ዋጋ የጻፉት ሰዎች ድካማችን ተሸጠ ብለው አዘኑ። ከዚህም የተነሣ ፍሪዲቢ የተባለው ነፃ መዝገብና እ.ኤ.አ. በ2000 ሮበርት ኬይ የጀመረው ሙዚክብሬንዝ ተከተሉ። ፍሪዲቢ በ2020 ተዘግቷል፤ ሙዚክብሬንዝ ግን እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

እነዚህ መዝገቦች ሲሠሩ የእኛን ሙዚቃ ያሰበ አልነበረም። በመጀመሪያው ዘመን የግዕዝ ፊደል ሊጻፍባቸው አይችልም ነበር፤ ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነውና። ስለዚህ ሁሉም እንደመሰለው በላቲን ጻፈ። «ቀ»ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ያመለክታል፤ «ጨ»ና «ጸ»ም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፈረንሳይ አገር የታተሙት የኢትዮፒክ ሲዲዎች ደግሞ ወደ ፈረንሳይኛ ያደላ አጻጻፍ አላቸው። እንግዲህ አንዱ ዘፋኝ በመዝገቡ ውስጥ ሦስትና አራት ሰው ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚቆጥረው የምዕራባውያን ልማድ ሲጨመርበትም ማህሙድን «አህመድ» በሚለው ሥር መፈለግ ግድ ይሆናል፤ አህመድ ግን አባቱ እንጂ እርሱ አይደለም።

በዘፈኑ ዓይነትም እንዲሁ ነው። የሲዲቢና የፍሪዲቢ መዝገቦች 11 ክፍሎች ብቻ ነበሯቸው፤ ብሉዝ፣ ጃዝ፣ ሮክ፣ ሬጌና የመሳሰሉት። የአዝማሪው ጨዋታ «የሕዝብ ዘፈን» ከሚለው ወይም «ልዩ ልዩ» ከሚለው ክፍል ይጣላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚሉትን ቅኝቶች የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። ከዚያም አልፎ ትዝታ የቅኝት ስምም የዘፈን ስምም በመሆኑ በአንድ ርዕስ የሚጠሩ እጅግ ብዙ ልዩ ልዩ ሥራዎች ተገኙ፤ ርዕሱን ብቻ የሚያነብ ሁሉ አንድ ዘፈን ይመስሉታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ባህላዊ» የምትለው ቃል ናት። በሲዲ ሽፋን ላይ በግጥምና ዜማ ደራሲ ቦታ ይህች ቃል ስትሰፍር ብዙ ጊዜ እውነት ናት፤ በላይን ያለቀሱለት ገጣሚዎች በእርግጥ በስም አይታወቁም። ሆኖም በሕይወት ያለ፣ ቤቱ የሚታወቅ አዝማሪ የፈጠረውም በዚህችው ቃል ሥር ሲጠቃለል ቃሏ መሸፈኛ ትሆናለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲገለጽ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ስሙ ከመነሻው ካልተጻፈ መብቱ በምን ይረጋገጣል? አዝማሪው እኔ ነኝ ቢል ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃው ደግሞ ቀረጻው በተደረገበት ቀን ሊጻፍ ይገባው የነበረው ወረቀት ነው።

ዛሬ ሲዲ እየቀረ ዘፈን በኢንተርኔት ይሠራጫል፤ የነገሩ ሥር ግን አልተለወጠም። ድምፅ ስሙን ራሱ አይናገርም፤ ሰው ይጽፍለታል። ልዩነቱ ቀድሞ አድማጩ ይጽፍ የነበረውን አሁን ዘፈኑን የሚጭነው ሰው መጻፉ ነው።

እንግዲህ ሥራው ከቀረጻው ቦታ ይጀመር። በብቸናም ሆነ በሞጣ ዘፈን የሚቀርጽ ሁሉ፣ የኪነት ቡድንም ይሁን የባህል ጽሕፈት ቤት ወይም ግለሰብ፣ የዘፋኙን፣ የማሲንቆ መቺውንና የግጥም ሰጪውን ስም፣ ቅኝቱን፣ ቦታውንና ቀኑን በግዕዝ ፊደል ይመዝግብ። ግጥም ሰጪው ካልታወቀም «አልታወቀም» ይበል እንጂ በሌላ ስም አይሸፍነው። ሙዚክብሬንዝን የመሰለው መዝገብ የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል፤ ለአንድ ሰው የተለያዩ አጻጻፎችንም በአንድነት ያስራል፤ ማንም ሊጽፍበት ይችላል። የዲማው ጸሐፊ መቃ ቀርጾ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብራና ፍቆ ለስሙ የሚሆን አንዲት መስመር አላጣም ነበር። የዛሬው ቀራጭ ያችን መስመር ለአዝማሪው ሊነፍገው አይገባም።