ካርታውና ባላገሩ

ነጋዴ ዕቃው ሲበላሽ «አያያዝህ ነው» ይላል እንጂ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እስካስተካክለው ድረስ ከጎረቤቴ ግዛ» ብሎ አያውቅም። በሴፕቴምበር 2012 ግን ይኼው ሆነ። (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) የአፕል ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ ለደንበኞቹ ደብዳቤ ጻፈ። አዲሱ የአይፎን ካርታ ኩባንያው ቃል የገባውን ያህል ሆኖ ባለመገኘቱ ይቅርታ ጠየቀ። በዚህም አላበቃም። እስኪታረም ድረስ የሌሎችን ካርታ መጠቀም ትችላላችሁ ብሎ ተቀናቃኞቹን በየስማቸው ዘረዘረ። ከነሱ መሐል ጎግልም ነበረ። ያን ካርታ የሠራው እኮ ጎግልን ከስልኩ ለማስወጣት ነበር!

የጠቡ ታሪክ ረጅም አይደለም። ጎግል ካርታውን በኮምፒዩተር ላይ የከፈተው በ2005 ነው። በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲወጣ በውስጡ የነበረው ካርታ የጎግል ነበር፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ኩባንያዎች ወዳጆች ናቸው። ቆየት ብሎ ጎግል አንድሮይድን ይዞ ወደ ስልኩ ገበያ ሲገባ ወዳጅነቱ ሻከረ። በ2009 «ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ» እያለ በድምፅ የሚመራውን ካርታ ለአንድሮይድ ስልኮች ሰጠ፤ አይፎን ግን አልደረሰውም። አፕል በባላንጣው ካርታ እየተመራ መኖሩ አልዋጥልህ አለው። ቶምቶም ከተባለው የካርታ ኩባንያና ከሌሎችም መረጃ ገዛ፣ አገጣጠመና በ2012 የራሱን አወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በምስሉ ላይ ድልድዮች እንደ ሰም ቀልጠው ታዩ፤ ከተሞችም ያለ ቦታቸው ተገኙ።

እስከ ዲሴምበር ድረስ ነገሩ መሳቂያ ነበር። በዚያ ወር የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ፖሊስ አሽከርካሪዎችን አስጠነቀቀ። ሚልዱራ ወደምትባል ከተማ የሚሄዱ ሰዎች በአፕል ካርታ እየተመሩ፣ ከከተማዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ጠፍ መሬት ላይ ቀርተው ነበር። ውኃ የሌለበት፣ ሙቀቱ እስከ 46 ዲግሪ የሚደርስበት ብሔራዊ ፓርክ ነው። አንዳንዶቹ ያለ ምግብና ያለ ውኃ 24 ሰዓት ያህል ቆይተዋል።

የስሕተቱ ምክንያት ሲነገር ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በአገሪቱ የቦታ ስሞች መዝገብ ላይ ሁለት ሚልዱራዎች አሉ፤ አንዱ ከተማው፣ ሌላው በከተማው ስም የሚጠራው ሰፊ የአስተዳደር ክልል። የክልሉ ነጥብ የተቀመጠው በክልሉ መሐል ላይ ነው፤ መሐሉ ደግሞ በረሃ ነው። «ጎንደር ውሰደኝ» ያለውን መንገደኛ ከከተማው አሳልፎ የድሮው ጎንደር ክፍለ ሀገር እምብርት ላይ፣ አንድ ገደል አፋፍ እንደ ማውረድ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ መዝገቡ አልዋሸም፣ ሳተላይቱም አልተሳሳተም። የጎደለው «ኧረ ሰው ሚልዱራ ሲል ከተማውን ማለቱ ነው» የሚል አንድ የሚልዱራ ልጅ ነበር።

በዚያው ወር የጎግል ካርታ ለአይፎን ሲመለስ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተወረደ። ይህን አይቶ «ፉክክር ፈረደ፣ እውነተኛው አሸነፈ» ማለት ያምራል። ግን ጎግልም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። በ2010 የኒካራጓ ወታደሮች ኮስታ ሪካ የኔ ናት በምትለው መሬት ላይ ሲሰፍሩ፣ አዛዡ ኤዴን ፓስቶራ ለምስክርነት የጠራው የጎግልን ካርታ ነው። ኩባንያው ድንበሩን እስከ 2.7 ኪሎ ሜትር ድረስ አሳስቶ መሳሉን አመነ። መሬቱ የኮስታ ሪካ መሆኑን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የወሰነው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2015 ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግመን የምናነሣው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለት የብራና ቅጂዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ከያዙ አንዱ ከሌላው፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ እናት ተገልብጠዋል። ካርታም እንዲሁ ነው። ኦርቴሊየስ በ1573 ያሳተመው የአበሻ መንግሥት ካርታ አገራችንን ከምድር ወገብ አሻግሮ ወደ ደቡብ ይለጥጣታል፤ ዓባይንም እዚያ ታች ካሉ ሐይቆች ያስነሣዋል። በ1630ዎቹ አምስተርዳም ውስጥ የብላውና የሆንዲየስ ማተሚያ ቤቶች በካርታ ገበያ ላይ ተናንቀው ነበር። ማን ብዙ ካርታ፣ ማን ያማረ ቀለም ያወጣል ነው ውድድሩ። አንዱ የሌላውን ይገለብጣል፤ ሐይቆቹም ከነስሕተታቸው ከአትላስ ወደ አትላስ ይሻገራሉ። ፉክክሩ ብዛትንና ውበትን ጨመረ፤ እውነትን ግን አልጨመረም።

ያን ስሕተት ያረሙት አገሩን የረገጡ ሰዎችና የአገሩ ሰው ናቸው። ፔድሮ (ፔሮ) ፓኤዝ በ1618 ጎጃም ውስጥ የዓባይን ምንጭ በዓይኑ አየ። እሱን የተከተለው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ እዚሁ ኖሮ ያየውን በካርታ አሰፈረ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ደግሞ ኢትዮጵያን አንድም ቀን ሳይረግጥ በ1683 የተሻለ ካርታ ሊያወጣ ቻለ። ምሥጢሩ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው፣ በ1652ም ጎታ ድረስ አስመጥቶ ስለ አገራቸው ጠየቃቸው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ ሉዶልፍ ግን ዓባይን የሚያውቁ ሰው ጠየቀ።

የስልኮቹም ጌቶች የደረሱት እዚያው ነው። ጎግል ከ2007 ጀምሮ ካሜራ የተሸከሙ መኪናዎችን በየጎዳናው ላከ፤ ከ2008 እስከ 2017 ደግሞ ማንም ሰው ሰፈሩን የሚያርምበት በር ከፍቶ ነበር። በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች እጅ የሚሳል ነው። አፕልም በ2018 ካርታውን ራሱ በሚሰበስበው መረጃ እንደ አዲስ እንደሚሠራ ተናገረ፤ የአሜሪካኑን የጨረሰው በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። ከይቅርታው እስከዚያ ሰባት ዓመት አልፏል።

ወደኛ ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ ሰው ቤቱን በቁጥር አይናገርም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ» ነው የሚለው። በስልክ የተጠራ የታክሲ ሾፌር ነጥባችንን እያየም ደውሎ «የት ጋ ነሽ እኅቴ?» የሚለው ለዚህ ነው። ሾፌሩ ልክ ነው፤ የጎደለውን ከባላገሩ እየጠየቀ ነው። ይህ ዕውቀት ግን በአፍ ያለ ነው። በ2024 ፒያሳ ዙሪያ ስንት ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪው ተበተነ፤ «እዚህ ጋ እኮ እንትን ነበር» የሚለውም ሰው አብሮ ሄደ። ሳተላይት የፈረሰውን ቤት ባዶ መሬት አድርጎ ያሳያል፤ የመንደሩን ስም ግን አያውቅም።

የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ኩባንያዎቹ ይፎካከሩ፣ ይበጀናል፤ ሰነፉን ያተጋል። የሰፈራችንን ስም ግን በትክክለኛ ፊደሉ ማስገባት የኛ ሥራ ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ፣ ተማሪውም ሾፌሩም፣ ሊያርመው ይችላል። እኛ ካልጻፍነው ሌላው እንደሰማው ይጽፈዋል፤ ከዚያም አንዱ ካርታ ከሌላው እየገለበጠ ስሕተቱን ያጸናዋል። ያኔ ልጆቻችን የተወለዱበትን ሰፈር ስም ከስልካቸው ይማሩታል፤ የሚማሩትም የተሳሳተውን ነው።