ሳቢ፣ ተሳቢና ማቆራኛ፤ የተሳቢ ቤት ታሪክ ለስያሜ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

ባዕድ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ ስሙን ይዞ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ስሙን ከደጅ ጥሎ የሚገባበትም ጊዜ አለ። በመኪና ረገድ የአማርኛ ታሪክ ሁለቱንም ያሳየናል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራና ከዚያም በኋላ የኢጣልያ ሥሪት የጭነት መኪናዎች በመንገዶቻችን ሲመላለሱ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራና እስኮርታ የተባሉት ቃላት ከነዕቃቸው ገብተው ቀርተዋል። ከጭነት መኪናው ኋላ የሚሳበው አካል ግን ሪሞርኪዮ የተባለውን የኢጣልያንኛ ስሙን ትቶ «ተሳቢ» ተብሏል። «መኪናው ከነተሳቢው» ሲባል ዛሬ የማይገባው ሰው የለም።

«ተሳቢ» ከግእዙ «ሰሐበ» ከወረደው «ሳበ» የተገኘ ጥሩ ቃል ነው። በሰዋስው መጻሕፍታችንም የባለቤቱ ድርጊት የሚያርፍበትን ስም ለማመልከት የምንጠቀምበት የሙያ ቃል ነው። ይሁንና በሁለቱ መስኮች መካከል ሊዘነጋ የማይገባው ልዩነት አለ። በዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሳቢው ድርጊቱን ይቀበላል እንጂ በባለቤቱ ላይ አንዳች አያደርግም፤ በመንገድ ላይ ግን ተሳቢው ሳቢውን መልሶ ይገፋል፣ ወደ ጎን ይመታል፣ አንዳንድ ጊዜም አዙሮ ይጥላል። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኘው ዕቃና ከግንኙነቱ የሚወለዱት እንቅስቃሴዎች በመልካቸው ሳይሆን በሥራቸው ሊሰየሙ ይገባል ብለን እናምናለን። ይህንንም ለማስረዳት በጎማ የሚሄድ መኖሪያ የሆነውን የተሳቢ ቤት ታሪክ በምሳሌነት ወስደናል።

ሳቢን ከተሳቢ ማገናኘት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬያችን ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምራን ያስራል። ምራኑ ጠፍር በመሆኑ በሬዎቹ ሲዞሩ ሞፈሩም እንዲዞር ይፈቅዳል፤ ስለሆነም መታጠፊያ ያለው ማያያዣ የመጀመሪያው የአገራችን ምሳሌ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም በሬ በሚሄድበት ፍጥነት ምራን የሚጠየቀው መሳብን ብቻ ነው። የመኪና ማያያዣ ግን ሦስት ግዳጅ አለበት፤ ይኸውም ተሳቢውን መሳብ፣ ሳቢው ሲቆም የተሳቢውን ግፊት መቋቋም፣ እንዲሁም የተሳቢውን የፊት ክብደት በከፊል መሸከም ነው። «ምራን» የተባለውን ቃል ለዚህ ዕቃ መስጠት ያላሰብነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሽርሽር የሚሆን ቤት በጎማ ላይ የማሠራት ልማድ ከፈረስ ዘመን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1885 ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ የተባለው ሐኪምና ደራሲ «ዋንደረር» ብሎ በሰየመው በፈረስ በሚሳብ ቤት ታላቋ ብሪታንያን ዞሯል። በፈረስ እርምጃ ግን የኋለኛው አካል ወደ ጎን መወዛወዝ ይህን ያህል የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። ውዝዋዜ የሞተር ፍጥነት ልጅ ነውና። እያንዳንዱ ሳቢና ተሳቢ አንድ ወሳኝ ፍጥነት አላቸው፤ ከዚያ በታች በነፋስ ወይም በመንገድ ጉድጓድ የተነሣው ውዝዋዜ በራሱ ይበርዳል፤ ከዚያ በላይ ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከበፊቱ እየበለጠ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1914 በዲትሮይት ከተማ አውጉስት ፍሩሃውፍ የተባለ አንጥረኛ የአንድ ነጋዴን ጀልባ በፎርድ መኪና የሚስብ ተሳቢ ሠራ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በአውሮፕላን ሥራ የታወቀው ግሌን ከርቲስ «ኤሮካር» የተባለውን ተሳቢ ቤት ሲያወጣ፣ ማያያዣውን ከመኪናው ጭራ አንሥቶ ወደ ኋላ አክስል አቀረበው፤ ድንጋጤውንም እንዲያበርድ በጋድም የተኛ የአውሮፕላን ጎማ አደረገበት። የዚህ ቦታ ለውጥ ትርጉም ከባድ ነው። ማያያዣው ከኋላ አክስል ርቆ በመኪናው ጭራ ላይ ሲሆን፣ በመካከል ያለው ርቀት እንደ ማንሻ እንጨት ይሠራል፤ ተሳቢው ወደ ጎን በመታ ቁጥር የመኪናውን ኋላ ይዞ ያዞራል። ማያያዣው በአክስሉ ላይ ሲያርፍ ግን ማንሻው ያጥራል፤ ውዝዋዜውም ጉልበት ያጣል።

በ1930ዎቹ ተሳቢ ቤት በአሜሪካ ተስፋፋ፤ ዋሊ ባያም ያቋቋመው ኤርስትሪም የተባለው ድርጅት በ1936 «ክሊፐር» የተባለውን የአሉሚንየም ቤት ለገበያ አቀረበ። ታሪኩ ከአገራችን ጋር የተገናኘው ይህ ሰው የመራው ጓዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን ተነሥቶ ወደ ካይሮ ባደረገው ጉዞ ነው። 41 ተሳቢ ቤቶችን የያዘው ይህ ጓዝ በኢትዮጵያ አልፏል፤ ተጓዦቹም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርበዋል። ያን ዓይነቱን ዕቃ የጭነት መኪናውን «ተሳቢ» የሚያውቅ ሰው ያለ አስተርጓሚ ሊሰይመው በቻለ ነበር። ቃል ያልተዘጋጀለት በቤቱና በመኪናው መካከል ያለው አካል ነበር፤ ዛሬም አልተዘጋጀለትም።

የስያሜው ጉድለት ምን ያህል እንደሚጎዳ በእንቅስቃሴዎቹ ስም እንመልከት። የተሳቢ አደገኛ እንቅስቃሴ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀደም ሲል ያነሣነው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚደረገው ነው፤ እንግሊዞች የእባብ አካሄድ ብለው ይመስሉታል። ሁለተኛው አፍንጫው ላይና ታች እያለ የሚደረገው ነው። ሦስተኛው ተሳቢው ገፍቶ ከሳቢው ጋር እንደ ሰንጢ የሚታጠፍበት ነው። ሦስቱንም «መንቀጥቀጥ» ወይም «ማዘንበል» ብንላቸው አንባቢው ተሳስቶ ይሠራል። «ማዘንበል» የሚለውን የሚያነብ ሰው ጭነቱን ከቀኝ ወደ ግራ ያዛውራል፤ የጎን ውዝዋዜ መድኃኒት ግን ከባዱን ጭነት ከጭራው አንሥቶ ወደ አክስሉ ማቅረብና ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት እንዲያመዝን ማድረግ ነው።

በመንገድ ላይም እንዲሁ ነው። የጎን ውዝዋዜ ሲነሣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ማንሣት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የመኪናውን ፍሬን አለመርገጥ፣ ተሳቢው በእጅ የሚታዘዝ የራሱ ፍሬን ካለው እርሱን ብቻ ቀስ ብሎ መያዝ ይገባዋል። እጥፋት በሚጀምርበት ጊዜ ደግሞ የተቆለፉት ጎማዎች መልሰው እንዲንከባለሉ ፍሬኑን መልቀቅ ያስፈልጋል። የላይና ታች እንቅስቃሴ ግን ፍጥነት በመቀነስና የባሌስትራውንና የጭነቱን ሁኔታ በመመርመር የሚታረም ነው። እንግዲህ ስሙ የተምታታበት ነጂ ሥራውም ይምታታበታል፤ ለማሰብ ያለው ጊዜም ጥቂት ሰኮንድ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው «የጎን ውዝዋዜ»፣ ለሁለተኛው ከወተት መናጥ ተወስዶ «ንጠት»፣ ለሦስተኛው «እጥፋት» እንዲባል እናቀርባለን። «ውዝዋዜ» የጭፈራ ስም መሆኑ አያሰናክለውም፤ «የጎን» የሚለው ቅጽል ይለየዋልና።

ተሳቢው በማያያዣው ላይ የሚጥለውን ክብደት አሜሪካኖች ከምላስ፣ እንግሊዞች ከአፍንጫ አያይዘው ይጠሩታል፤ ሁለቱም ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ እንጂ ወዴት እንደሚያርፍ አይናገሩም። እኛ ቀንበር የሚያርፍበትን አስበን «የጫንቃ ሸክም» ብንለው ለአማርኛ ተናጋሪ ይቀላል። በአሜሪካ ልማድ ይህ ሸክም ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል፤ 2,000 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ማለት ነው። ከዚህ ሲያንስ የጎን ውዝዋዜ ይበረታል፤ ሲበዛም የመኪናው ኋላ ወርዶ የፊት ጎማዎቹ መሬት የመያዝ ኃይላቸው ይቀንሳል። በአውሮፓ ሸክሙ ያነሰ ነው፤ የፍጥነት ሕጉም ጠበቅ ያለ ነው።

ከዚህ በኋላ የማያያዣው ምርጫ ግልጽ ይሆናል። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተስፋፋው በብረት ምንጭ ክብደትን የሚያከፋፍለው ዓይነት የጫንቃውን ሸክም ከፊሉን ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው አክስል ይመልሳል፤ የጎን ውዝዋዜን ለማብረድ ግን በራሱ አይበቃም። በሰበቃ የሚሠራው ውዝዋዜውን ያበርዳል፤ ክብደት ግን አያከፋፍልም። በአክስሉ ላይ የሚያርፈው የጎን ውዝዋዜን ከሥሩ ይቀንሳል፤ እጥፋትን ግን አያስቀርም። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው እንደማይሆን የሚያሳውቀው የስማቸው መለየት ነው።

በመጠንም ረገድ እንዲሁ ጥንቃቄ ያሻል። የአውሮፓው የኳስ ማያያዣ 50 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው ባለ 2 ኢንች ደግሞ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሜሪካኖቹ ኳሶች የሚያንሰው 47.6 ሚሊ ሜትር ያለው በባለ 2 ኢንቹ ጽዋ ውስጥ ገብቶ የተቆለፈ ይመስላል፤ በመንገድ ላይ ግን ሊወጣ ይችላል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ተመሳሳይ የተባሉ ሁለት ቃላት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝለትም።

በአክስሉ ላይ የሚያርፈውን ማያያዣ እንግሊዝኛው «አምስተኛ ጎማ» ይለዋል። ስሙ የመጣው በፈረስ ሠረገላ ፊት አክስል ላይ በጋድም ከሚተኛው ክብ ብረት ነው። እንዳለ ብንተረጉመው የእኛ ነጂ እስኮርታ ጎማ ይመስለዋል። ዕቃው ሳቢና ተሳቢ የሚገናኙበት ጠፍጣፋ ብረት ስለሆነ «ገበታ ማቆራኛ» እንዲባል እንመርጣለን።

ጠቅላላውን ዕቃ «ማቆራኛ» ያልነውም በምክንያት ነው። «ማያያዣ» ከወረቀት እስከ ዐረፍተ ነገር ሁሉን የሚያገናኝ ሰፊ ቃል ነው። «ቁራኛ» ግን በቀድሞው የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ ካለሌላው እንዳይሄድ አብረው የሚታሰሩበትን ልማድ የሚያስታውስ ነው፤ እስካሁንም «የአልጋ ቁራኛ» እንላለን። በቁራኛ የታሰሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይሮጣል፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይወድቃል። የሳቢና የተሳቢ ነገርም ይኸው ነው። «ተሳቢ» የሚለው ስም የሰወረውን የተሳቢውን ጉልበት «ማቆራኛ» ይገልጠዋል።

ባለሙያዎች ከዚህ የሚሻል ቃል ቢያቀርቡ ደስ ይለናል። መመዘኛው ግን አንድ ይሁን፤ ይኸውም ቃሉ ለጆሮ ማማሩ ብቻ ሳይሆን፣ መሪ የያዘ ሰው በሰማው ጊዜ እጁና እግሩ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚያሳውቀው መሆኑ ነው።