ንጉሥ ያልነበረው አገር

ከአዳማ ተነሥቶ አዋሽን የተሻገረ መንገደኛ ዴራንና ኢተያን አልፎ ወደ አሰላ ሲቃረብ፣ በስተግራው የጭላሎ ተራራ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህ የስንዴና የገብስ አገር ለሸዋ ጦር እጁን ለመስጠት እጅግ ከዘገዩት አንዱ ነው።

የዘገየውም በጀግንነት ብቻ አልነበረም። በ1870ዎቹ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር የምኒልክን ኃይል መዝነው ለመገበር ተስማሙ፤ በምላሹም ዳኝነታቸውንና ገበያቸውን ይዘው ቀሩ። ጅማም የውስጥ አስተዳደሯን እስከ 1924 ዓ.ም. ገደማ አቆየች። አርሲ ግን ንጉሥ አልነበረውም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ የጦርም ሆነ የሰላም ነገር በጉባኤ ይመከርበታል። ስለ ሲኮና ስለ መንዶ ጎሳዎች ሁሉ ሆኖ አገር የሚያስረክብ አንድ ሰው ከየት ይምጣ? አንዱ ወገን ቢገብር ሌላውን አያስርም ነበር።

ስለዚህ ነገሩ በጦር አለቀ። በ1874 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ዘመቻ ዓመታት ፈጀ። እነ ሌንጂሶ ዲጋ በፈረስና በጦር ተዋጉ፤ ከወዲያ በኩል የአውሮፓ ጠመንጃ ነበር። በጳጉሜ 1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ የአርሲ ጦር ድል ሆነ፤ አገሩም ለምኒልክ አጎት ለራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ተሰጠ። የአርሲ ሽማግሌዎች የቃል ታሪክ ከዚያ በኋላ አኖሌ ላይ የወንዶች ቀኝ እጅ፣ የሴቶችም ቀኝ ጡት እንደ ተቆረጠ ይናገራል። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ክርክሩ ገና አልበረደም፤ በ2006 ዓ.ም. ግን በዚያው ስፍራ የመታሰቢያ ሐውልት ተመርቋል።

ድል አድራጊው መንግሥት የሚያነጋግረው አለቃ ሲያጣ አለቃ ሠራ። ከየጎሳው የተመረጠው ሰው ባላባት ተባለ፤ ግብር ያስገባል፣ ትእዛዝ ያደርሳል። መሬቱ በቀላድ ሲለካ ለባላባቱ ድርሻ ተተወለት፤ የቀረው ለመንግሥት፣ ለነፍጠኛና ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። ትናንት በጉባኤ እኩል የተቀመጠው ወንድሙ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። ጅማ ንጉሧን ይዛ ስትቀር፣ አርሲ ያልነበሩትን ትንንሽ ነገሥታት አገኘ ማለት ነው።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቀረበ። ዳሩ ግን እርሻው ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ማፈናቀል ያዙ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ጭሰኝነት ተሻረ፤ ባላባቱም ራሱ ከሚያርሰው በላይ መሬት አልቀረለትም።